የተሰወረው የድንች መዝገብ

በአገራችን እህልን የማኖር ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ጎዳና ሲሄድ የኖረ ነው፤ አንደኛው ከመሬት በላይ፣ ሁለተኛው ከመሬት በታች። ከመሬት በላይ የሚቆመው ጎተራ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ከፍ ብሎ፣ ከሸንበቆ ወይም ከቀጫጭን እንጨት ተጎንጉኖ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ የሣር ክዳኑን ደፍቶ በደጃፍ የሚሰየም ስለ ሆነ፣ ተግባሩ እህልን ከእርጥበትና ከአይጥ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን የጌታውን ክብር ለአላፊ አግዳሚው መመስከርም ጭምር ነው። ለልጁ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ የላከ አባት፣ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ስለ ልጅቱ ጠባይና ሙያ ቢሆንም፣ ጆሮው የቆመው በአማቶቹ ደጃፍ ስንት ጎተራ እንዳዩ እስኪነግሩት ድረስ ነው። ጎታና ድብኝት እንኳ፣ ምንም በጓዳ ተሸሽገው የሚኖሩ ቢሆኑ፣ እንግዳ ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ የጓዳው መጋረጃ በነፋስ የተገለጠ መስሎ ጥቂት ገለጥ እንዲል የሚያደርጉ እመቤቶች መኖራቸውን የማያውቅ የለም።

ጉድጓድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚያኖርበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ወለሉና ግድግዳው ገለባ ይለብሳል፤ እህሉ ከገባ በኋላም አፉ በእንጨትና በድንጋይ ተደፍኖ፣ ጭቃ ተመርጎበት፣ አፈር ይመለስበታል። ከዚያ ወዲያ ከላዩ ሰው ቢሄድበት፣ ከብት ቢውልበት፣ ከሥሩ የዓመት ቀለብ መኖሩን የሚያውቁት ባለቤቱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። በዚያ ጨለማ ውስጥ እህሉም ይተነፍሳል፣ ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝም ይተነፍሳል፤ ሁለቱም ሲተነፍሱ በውስጥ ያለው ደኅና አየር እያለቀ፣ በምትኩ የተቃጠለው አየር እየሞላ ይሄድና፣ ነቀዙ በገዛ እስትንፋሱ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህም ጉድጓዱ በተከፈተ ዕለት አስተዋይ ገበሬ ዘሎ አይገባም፤ ለነቀዝ ያልራራ አየር ለሰውም አይራራምና፣ አፉን ከፍቶ፣ አየሩ እስኪለወጥ ድረስ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። እህሉ የጉድጓድ ሽታ ይዞ መውጣቱ፣ ለዘር የሚሆን ኃይሉም መድከሙ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እንጀራው ከፊቱ ቀርቦለት ስለ ሽታው ሲከራከር የዋለ ራብተኛ እኔ አላየሁም። ወደ ጉራጌ ምድር የተሻገረ ሰው ደግሞ፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ ካስፈለገም ለዓመታት ሲቀመጥ ያያል፤ በዚያ አገር ጉድጓዱ የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን የሚያብላላም ስለ ሆነ፣ ወጥ ቤትና ግምጃ ቤት በአንድ አፍ ይገባሉ።

ሰው የገዛ ቀለቡን ስለ ምን እንደሚቀብር ለመረዳት ግን የአየርን ጠባይ ማወቅ አይበቃም፤ የሰውን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። ሠራዊት በሚመላለስበት ጎዳና ዳር ተወልዶ ያደገ የጥንት ገበሬ፣ ተሠሪ ወታደር መንደሩን በሩቁ አይቶ ማደሪያውን የሚመርጠው በጎተራ ቁመት መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር፣ ለጎተራው የሚታይ ያህል፣ ለጉድጓዱ የሚተርፍ ያህል እያካፈለ ማኖሩ ከብልሃት ሁሉ የሚበልጥ ብልሃት ነበረ። ለዚህ ነገር ከሁሉ የጸና ምስክር ሆኖ የማገኘው ነቢዩ ኤርምያስ በአርባ አንደኛው ምዕራፍ የተረከውን ታሪክ ነው። የናታንያ ልጅ እስማኤል፣ ከሴኬምና ከሴሎ ከሰማርያም ተነሥተው ቍርባንና ዕጣን ይዘው ወደ እግዚአብሔር ቤት ይጓዙ የነበሩትን ሰማንያ ሰዎች፣ እያለቀሰ ወጥቶ በአዞ እንባ ተቀብሎ ወደ ከተማ ካገባቸው በኋላ በሰይፍ ሲፈጃቸው፣ ከመካከላቸው አሥሩ በሜዳ የሸሸጉት ስንዴና ገብስ፣ ዘይትና ማር መኖሩን ነግረውት በሕይወት ቀሩ። ቅዱሱ መጽሐፍ የቀሩት ሰባዎቹ እህላቸውን የት ያኖሩ እንደ ነበር አይናገርም፤ እኔ ግን ባለ ጎተራዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ በቃሌ የማውቅ ሰው ብሆንም፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በቤቴ ጓሮ ለድንች የሚሆን የምድር ቤት ላሠራ ባሰብሁ ጊዜ የማንንም ሠራዊት መምጣት ፈርቼ አልነበረም። ነገሩ የመጣው ከባለቤቴ ነው። ባለቤቴ፣ ድንች ከማሳ እየወጣ ገበያው በሚጠግብበት በኅዳር ወር፣ በኩንታል ገዝቶ የማስገባት ብልሃት አላት፤ የተገዛውን የምታኖርበት ስፍራ ግን ከአልጋችን ሥር በቀር ስላልነበራት፣ ጥር ሲገባ እኛ ከላይ ስንተኛ እርሱ ከታች እያጎነቆለ፣ ነጫጭ ጣቶቹንም በአልጋው ጠፍር መካከል እያሾለከ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንን ባለንብረት ሆነብን። እኔም ይህን ነገር አንድ ቀን በማዕድ ላይ ባነሣ፣ ባለቤቴ ሳትቆጣ፣ «እንግዲያው ድንቹ ከአልጋው ሥር ይውጣ የምትል ከሆነ፣ አንተው ቤት ሥራለት» አለችኝ፤ በትዳር ውስጥ እንደዚህ በለዘበ ድምፅ የተነገረ ቃል አዋጅ መሆኑን ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ድንች ራሱ በአገራችን የትናንት እንግዳ ነው። በትግራይ ምድር ኖሮ በዚያው ያረፈው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር በ1858 በፈረንጆች አቆጣጠር አስገባው ተብሎ ይተረካል። ጤፍ ከቅንጣቱ ማነስ የተነሣ ነቀዝ እንኳ የማይደፍረው፣ በጎታ ውስጥ ዓመታትን ሲያሳልፍ ቅር የማይለው የቤት ልጅ ሲሆን፣ ይህ እንግዳ ግን የአስተናጋጁን ትዕግሥት የሚፈታተን ጠባይ አለው። ብርሃን ያየ እንደ ሆነ አረንጓዴ ይለብሳል፤ አረንጓዴውም ጌጥ ሳይሆን ሶላኒን የሚባለው መራራ መርዝ አብሮት መብዛቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሙቀት ያገኘ እንደ ሆነ ያጎነቁላል፤ ደረቅ አየር ያገኘው እንደ ሆነ ይጨማደዳል፤ ውሃ ያቆረበት እንደ ሆነ ይበሰብሳል። ብርዱ ከ4 ዲግሪ በታች የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጥና፣ ወጡ ውስጥ ሲገባ ያለ ቦታው የሚጣፍጥ ይሆናል። በአጭር ቃል ድንች የባሕታዊ ጠባይ ያለው ፍጥረት ነው፤ ጨለማ፣ ብርድ፣ ጸጥታና ጥቂት እርጥበት ያለበት በዓት ካገኘ ከማንም ሳይጣላ ብዙ ወራት ይኖራል፤ ከዓለም ጋር የተገናኘ ዕለት ግን ይበላሻል።

በዓት በማበጀት ረገድ የብርድ አገር ሰዎች የሠለጠኑ ናቸው። በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ዳርቻ፣ ኤሊስተን የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች፤ በዚህች መንደር ከመቶ የሚበልጡ የምድር ቤቶች በየኮረብታው ጎን ተቆፍረው፣ በድንጋይ ተክበው፣ ሣር በቅሎባቸው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ሆነው ዛሬም በራቸው ይከፈታል። የአሠራራቸው ምሥጢር ጥልቅ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞቃት አየር ቀሊል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ አንዱን ቱቦ ከውጭ አምጥቶ እስከ ወለሉ ማድረስ፣ ሁለተኛውን ቱቦ በፊት ለፊቱ ማዕዘን ከጣራው ሥር አንሥቶ ወደ ውጭ ማሳለፍ ነው፤ የቀረውን ሥራ አየሩ ደመወዝ ሳይጠይቅ ይሠራዋል።

ነገር ግን የፈረንጅን በዓት እንዳለ አንሥቶ ወደ ሸዋ ማምጣት ሊቅነት አይደለም። እነርሱ የምድር ቤት የሚሠሩት ከውጭ ያለው በረዶ ሥራ ሥሩን ቆርጦ እንዳያደርቅባቸው ነው፤ መሬቱ ለእነርሱ ጋቢ ነው። እኛ ግን ክረምት የምንለው ዝናም እንጂ በረዶ የሚያቆር ብርድ ስላልሆነ፣ ከመሬት የምንፈልገው ጥላዋን ነው። ከመሬት ጥቂት ሜትር ወርዶ የሚገኝ አፈር የዓመቱን ብርድና ሙቀት አማካይ ይዞ ይኖራል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን ይህ አማካይ 13 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ለሰው ጋቢ የሚያስደርብ፣ ለድንች ግን ገና የሚያሞቅ ነው። ድንች የሚወደው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያለውን ነውና፣ የጎደለውን ከየት እናመጣለን ያልን እንደ ሆነ፣ ከሌሊቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሌሊት የሚወርደውን ውርጭ የቀመሰ ሰው፣ ያን ብርድ ሰብስቦ የሚያኖር ስፍራ ቢኖር ለዓለም በተረፈ ነበር ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የቱቦዎቹን አፍ ማታ ከፍቶ ውርጩን ማስገባት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ዘግቶ ማኖር ነው። ይህ ሥራ ሌሊት መነሣትን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ካህናቱ ለማኅሌት የሚነሡበት ሰዓት ከቱቦው መዝጊያ ሰዓት ጋር እጅግ የተስማማ ስለ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የሚኖር ሰው ደወሉ ከነፍሱ ሌላ ለድንቹም ይጠቅመዋል።

ቆፋሪው የመጣው ከመንዝ ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ፣ ድጅኖውን በትከሻው፣ ዶማና አካፋውን በልጁ ያሸከመ፣ ነገር ሳያላምጥ የማይውጥ ሰው ነው። ስፍራውን አሳየሁት። መሬቱን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሽንት ቤት ነው ወይስ የውኃ ጉድጓድ? ዋጋው አንድ አይደለም» አለኝ። የድንች ቤት መሆኑን ነገርሁት። ድጅኖውን ከትከሻው አወረደና፣ ስድብ የተሰማው ሰው ዝም በሚለው አኳኋን ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ድንች እኮ ከመሬት ነው የወጣው» አለኝ፤ «መሬት ውስጥ እንዲኖር ከፈለጉ ስለ ምን አወጡት?»

ይህን ጥያቄ ሞኝ የጠየቀው የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። በብዙ የደጋ አገር ገበሬው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ድንቹ ደርሶ ሳለ ሳይቆፍር፣ ከማሳው እንዳለ ትቶ፣ ለወጡ ያህል ዕለት ዕለት እያወጣ ይመገባል፤ የምድር ቤት ለመሥራት አንዲት ዶማ አያነሣም። ነገር ግን ማሳው ለሚቀጥለው ዘር ይፈለጋል፤ ከሥር ፍልፈል እየቦረቦረ የድርሻውን ይወስዳል፤ የበልጉ ዝናም የመጣ እንደ ሆነም ድንቹ የባለቤቱን አሳብ ሳይጠይቅ እንደ ገና ማብቀል ይጀምራል። ይህን ሁሉ አብራርቼ ነገርሁት። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለኝ፤ ይህም ቃል አለመስማማትን በትሕትና ከሚያለብሱ የአገራችን ቃላት ዋነኛው ነው።

ስፍራው የተመረጠው ከቤቱ በስተ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ፣ የቤቱ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ነው፤ በሜዳው ላይ ያለው ዋልካ በክረምት ውሃ አቁሮ ስለሚያብጥ፣ ጉድጓድ በዚያ ቢቆፈር ለዓሣ እንጂ ለድንች አይሆንም። የፈረንጅ መጻሕፍት በሩ ወደ ሰሜን ይሁን ብለው ያዝዛሉ፤ የእኛ ፀሐይ ግን ከፊሉን ዓመት በሰሜን፣ የቀረውን በደቡብ ስለምትመላለስ፣ ከእርሷ ጋር በር ለመሸሻሸግ መሞከር ከንቱ ነው። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ ጥልቀት ተሰጥቶት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ተደገፈ፤ ከላይ የጥድ ግንድ ተጋድሞበት፣ ላስቲክ ተነጥፎ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን አፈር ተመለሰበት፤ ከበላዩ በኩል ጎርፉን የሚያሳልፍ ቦይ ወጣለት። ወለሉ ሲሚንቶ አልለበሰም፤ የምድር እርጥበት ወደ ድንቹ የሚደርሰው በዚያ ነውና። በሩ ድርብ ሆኖ በመካከሉ ጭድ ተጠቀጠቀ፤ የቱቦዎቹ አፍ አይጥ የማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ተደረገበት። ርብራቡ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል እንዲርቅ ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ አየር በጀርባው ካላለፈ ሻጋታ ይነግሣል። ካሮቱና ቀይ ሥሩ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዲቀበር፣ ደረቅ አየር የሚወደው ሽንኩርት ግን ጭራሽ ወደዚህ ሳይገባ በቤቱ ቆጥ ላይ እንዲንጠለጠል ተወሰነ። ከጎረቤት የመጣው ፖምም ተከለከለ፤ ፖም ሲበስል ኤቲሊን የሚባል የማይታይ ጋዝ እያወጣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ወደ እርጅና ያጣድፋልና።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጉድጓድና የጎተራ ነገር የተገለጠልኝ። ከዚያ በፊት በደጃፌ ማንም ሊያየው የሚችል የእንጨት ሣጥን፣ የጤፍ ከረጢትና የተደረደረ ማገዶ እያለ፣ አንድም ሰው ቆሞ ምንድር ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ከዓይን የሚሰወር ነገር መሥራት በጀመርሁ ማግሥት ግን ሠፈሩ በሙሉ በአጥሬ ላይ ሰፈረ። በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ነው ተባለ፤ ይህ አሳብ ቆፋሪው ከምሳ እንኳ ሳይመለስ ወደቀ፤ ሽንት ቤት ያለው ሰው ሁለተኛ ሽንት ቤት ምን ያደርግለታል? በሁለተኛው ቀን አረቄ ማውጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጣሊያን ወርቅ መጣ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ሲቆይ መንገድ መሥራቱን ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውም ጎዳና በከተማችን በኩል ያልፋል። ነገር ግን በሕዝብ ዘንድ እንደሚታመነው፣ ይህ ሰው መንገዱን የሠራው ሲሸሽ ወርቁን የሚቀብርበት ዳርቻ እንዲያገኝ ይመስላል፤ በዚያ መንገድ ዳር ካሉት ከተሞች ጣሊያን አንድ ሣጥን ያልቀበረበት ከተማ አለ የሚል ሽማግሌ ገና አላጋጠመኝም። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ አባታቸው ወርቁ የተቀበረበትን ስፍራ በዓይናቸው አይተው እንደ ነበርና፣ ለማንም ሳይናገሩ መሞታቸውን ገለጡልኝ፤ ለማንም ሳይናገሩ ከሞቱ ለእርስዎ ማን ነገረዎት ብዬ ለመጠየቅ ዕድሜያቸውን አከበርሁ። አንድ ደብተራም ከቀትር በኋላ መጥቶ፣ የተቀበረ ወርቅ ጠባቂ መንፈስ ስላለው፣ ገብስማ ዶሮ ሳይታረድለት ቢቆፈር ወደ ከሰል እንደሚለወጥ አስረዳኝ። ድንች ሊገባ እንጂ ወርቅ ሊወጣ አለመሆኑን ብነግረው፣ እንዲህ ብሎ መናገሩ ለሰው መልካም መሆኑን፣ ለመንፈሱ ግን እንደማይበቃው በማዘን ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ከመንግሥት ወገን የመጣው ሰው ከሁሉም ይልቅ ትሑት ነበር። የያዘው ቅጽ ላይ መኖሪያ፣ ንግድ ቤት፣ መጋዘን፣ መጸዳጃ የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል፤ ከእነዚህ አንዱን ማመልከት አለበት። መኖሪያ እንዳይለው የሚኖርበት ሰው የለም፤ ንግድ ቤት እንዳይለው የሚሸጥ ነገር የለም፤ መጋዘን ቢለው ደግሞ መጋዘን የሚያስከትለው ክፍያና ምርመራ ብዙ ነው። ተቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ ከታች በኩል «ሌላ» የሚል መስመር አገኘና፣ ከመከራ የዳነ ሰው ያህል ተነፈሰ። ሲወጣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ቅዝቃዜውን በፊቱ ተቀበለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ጠላ ቢቀመጥበት ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የንስሐ አባታችንም ሳይመጡ አልቀሩም። ወደ ውስጥ ተመልክተው፣ ጺማቸውን ዳሰሱና፣ በሉቃስ ወንጌል ስላለው ምርቱ ስለ በዛለት ባለጠጋ፣ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ስለ ተፈለገች ሰው አስታወሱኝ። እኔም በአክብሮት፣ ያ ባለጠጋ ያሰበው ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ለመሥራት እንደ ሆነ፣ ስለ ጉድጓድ የተጻፈበት ነገር እንደሌለ አመለከትሁ። በምድረ በዳ ለነገ ተብሎ ያደረው መና መትላቱን አነሡ፤ እኔ የዮሴፍን ሰባት የጥጋብ ዓመታት አነሣሁ፤ እርሳቸውም፣ ዮሴፍ እህሉን የሰበሰበው ለሕዝብ ሁሉ መሆኑን፣ እኔ ግን ለማን እንደ ሆነ ለማወቅ እንደሚወዱ በፈገግታ ጠየቁኝ። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ስትሰማ ኖራ፣ «ለማን እንደ ሆነማ አባ፣ ሲሞላ እናየዋለን» አለች።

እንዳለችውም ሆነ። የምድር ቤቱ ሥራ ተፈጽሞ፣ የእኛ ድንች በርብራቡ ላይ ከተደረደረ በኋላ፣ የሠፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ አንደኛዋ «ይህች ግማሽ ኩንታል ብቻ፣ እስከ ልደት ድረስ»፣ ሁለተኛዋ «ለልጄ ሠርግ የገዛሁት ጥቅል ጎመን ነው»፣ ሦስተኛዋም ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ እኅቷ እየለመነች ገባች። ባለቤቴ የማን ድንች የማን እንደ ሆነ በቀለም ክር እየለየች በየሣጥኑ ላይ አሰረች። ከርብራቡ ሥር፣ እኔ በሠራሁት ንድፍ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረ፣ አንድ ትልቅ የጠላ ጋን አንድ ቀን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ማን አስቀመጠው ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ያ የቅጹ ሰውዬ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ምድር ቤቱ ደኅንነት ለመጠየቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ድንቹ ጥቂት ጥቂት ቢያጎነቁልም፣ ቡቃያው እየተለቀመ፣ ሥጋው ሳይጨማደድ እስከ ዐቢይ ጾም እኩሌታ ደርሷል፤ ይህም በጾም ወራት ከሽሮ ጋር እየተፈራረቀ ቤታችንን ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ክሩ ቀለም፣ የብዙዎችን ቤት አገልግሏል። ከአልጋችን ሥር የወጣውን ስፍራ ባለቤቴ ለሽምብራ ሰጥታዋለች።

ስለ ቆፋሪው ሳልናገር ልጨርስ አልችልም። ጉድጓዱን በሚቆፍርበት ወራት፣ ምሳ በልቶ ሲያርፍ፣ ከላይ በአፈሩ ክምር ላይ ተቀምጬ የኤርምያስን ታሪክ ተርኬለት ነበር። ሲሰማ ቆይቶ፣ «አሥሩ ተረፉ ነው የሚሉኝ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝና፣ ሌላ ነገር ሳይናገር ወደ ሥራው ወረደ። ከጥቂት ወራት በኋላ በላይኛው ሠፈር ሳልፍ፣ በአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ የማውቀው ድምፅ ጆሮዬን ሳበው። ቆፋሪው ዶማውን ተደግፎ ቆሞ፣ ለነጋዴው የምድር ቤትን ጥቅም ከመጻሕፍት እያስረዳ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ እንደ ጻፈው፣ በጥንት ዘመን አሥር የመንዝ ሰዎች በሽፍታ እጅ ወድቀው ሊታረዱ ሲሉ፣ በሜዳ የቀበርነው ድንች አለን ብለው በመናገራቸው ነፍሳቸው ተረፈች። ለቱቦው አተካከል ሲሆን ደግሞ፣ ባለፈው የሠራበት ሰውዬ መጀመሪያ ስፍራውን ሲያሳየው ምንም እንዳልገባው፣ በኋላ ግን በእርሱ ምክር መስተካከሉን እግረ መንገዱን አከለበት። ወደ ጎን ጠራሁት።

«ወዳጄ» አልሁት፤ «ሰዎቹ ከሴኬም፣ ከሴሎና ከሰማርያ የመጡ እንጂ የመንዝ ሰዎች አልነበሩም፤ ድንችም ወደ አገራችን ከገባ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም፤ በኤርምያስ ዘመን በዚያ አገር አልነበረም። በመጽሐፉ የተጻፈው ስንዴና ገብስ፣ ዘይትና ማር ነው።»

በትዕግሥት አዳመጠኝ። «ጋሼ» አለኝ፤ «የተሰወረ ነው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ? የተሰወረ ከሆነ የጻፈው ሰው በምን አይቶ ያውቀዋል!»

ነጋዴውም ከወዲያ ሆኖ ሲሰማ ኖሮ ራሱን በመስማማት ነቀነቀና፣ ጉድጓዱ አንድ ክንድ እንዲጨመርበት አዘዘ።